ግልጽ ደብዳቤ፦ የድሬዳዋ አረጋውያን ስለ እርጅናቸው ራሳቸው ይጠየቁ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ
ድሬዳዋ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በከተማችን ስለ አረጋውያን የሚወጣ ማንኛውም ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት፣ አረጋውያኑ በየሰፈራቸው እርጅናን እንዴት እየኖሩት እንደሆነ ከራሳቸው አንደበት የሚሰማ ጥናት እንዲካሄድ ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ እርዳታው ምን መምሰል እንዳለበት ግን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚታወቅ አይደለም።

እስከ ዛሬ የምንመካባቸው መረጃዎች እነዚህን ሰዎች አልፈዋቸዋል። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በዋናነት ሲጠይቅ የኖረው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችንና ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶችን ስለሆነ፣ 60 የሞላው ሰው በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ይቆጠራል እንጂ ስለ ራሱ የሚናገርበት ቦታ የለውም። የ1999ኙ ቆጠራ የድሬዳዋን ሕዝብ 341,834 ብሎ መዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም።

በቅርቡ ቅጽ የያዙ ወጣቶች ወደ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ሲገቡ አብሬ ነበርኩ። ጥያቄው በአማርኛ ነበር፤ እኚህ ጎረቤቴ አፋቸውን የፈቱት ግን በኦሮምኛ ነውና መልሱን የሰጠው በሩ ላይ የቆመው ልጃቸው ነበር። «ጧሪ አላቸው?» ሲባል «እኔ አለሁ» አለ፤ ምልክት ተደረገና ታለፈ። ልጁ ገንዘብ የሚያመጣው የቀን ሥራ ያገኘ ዕለት ብቻ እንደሆነ፣ ዐረብ አገር የሄደችው ሴት ልጃቸው የተወቻቸውን ሁለት ሕፃናት የሚያሳድጉት እርሳቸው እንደሆኑ፣ ደጃፋቸው ላይ ከሰል እየቸረቸሩ የቤቱን አስቤዛ የሚሸፍኑትም እርሳቸው እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም። በቅጹ ላይ የተመዘገቡት በልጅ የሚጦሩ ተብለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠና የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ ከሰው መራቅ ነው። በድሬዳዋ ሰው የሚኖረው በዕድሩ፣ እንደ ዕድር ባለው የመረዳጃ ማኅበሩ በአፎቻውና በቡና አጣጪዎቹ መሃል ነው። ጉልበት ሲከዳ ለቅሶ መድረስ ይቀራል፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ከጎረቤቱ ጨዋታ ይወጣል፣ ቤቱን የሚያንኳኳውም ይቀንሳል። በስብሰባ አዳራሽ የሚገኙት ግን እግራቸው የሚያደርሳቸው አዛውንቶች ናቸውና፣ የቀሩትን በአዳራሽ ውይይት ማግኘት አይቻልም። ከ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በኋላ ሌላ ሰፈር የገቡ ሰዎች የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን እንዴት እንደተኩ፣ ወይም መተካት እንዳልቻሉ፣ ሊጠየቁ ይገባል። ሙቀቱም የጥናቱ አካል ይሁን፤ በግንቦትና በሰኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ በእግር መሄድ ለአረጋዊ ምን ያህል እንደሚከብድ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል።

እኔ ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ አነሰም በዛ በየወሩ የምቀበለው አለኝ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው ገና በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕድሜያቸውን በጉሊት፣ በጫት ንግድና በጭነት ሥራ የጨረሱት ጋር በተግባር አልደረሰም። የእኔን ዓይነት ሰው ብቻ ጠይቆ የሚወጣ ሪፖርት ከተማውን አያሳይም።

ስለዚህ ጥናቱ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በሐረሪኛ፣ ቤት ለቤት፣ የገጠር ቀበሌዎችንም ጨምሮ እንዲካሄድ፤ አረጋውያኑ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ከፈለጉም ቤተሰብ ሳይኖር ብቻቸውን እንዲናገሩ እጠይቃለሁ። መጠይቁ ሲዘጋጅ ከየሰፈሩ የተውጣጡ አዛውንቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ይቀመጡ፤ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃሉና። ውጤቱም መደርደሪያ ላይ ከመቅረቱ በፊት መልስ ለሰጡት ሰዎች በየቋንቋቸው ይነበብላቸው፤ የተሳሳተው እንዲታረም ዕድል ይሰጣቸው።

ቢሮው ጥያቄውን መቀበል አለመቀበሉን፣ ከተቀበለም ጥናቱ በየትኛው የበጀት ዓመት እንደሚጀመር ለነዋሪው በይፋ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ፣ ጡረተኛ መምህርት