የሥዕል ክበብ፦ የተራራ ዓመት

"የሥዕል ክበብ ቀለም ከመጨረስ ሌላ ምን ይሠራል?" ለምትሉን፣ መልሱ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዘንድሮ ሥራችን ተራራ ነበር። ሦስት ማዕዘን መደርደር ከሆነ ቀላል ነው። ርቀቱን ማሳየት ግን ሌላ ጣጣ አለው።

የመጀመሪያው መንፈቅ በእርሳስ ንድፍ አለፈ። ስብሰባውም ምርጫውም እንደ ወትሮው ስለነበር አላደክማችሁም።

ልነግራችሁ የምፈልገው ውጭ ወጥተን የሣልንበትን ጠዋት ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የመጨረሻውን ተራራ ልክ እንደ ቅርቡ አረንጓዴ ቀባችው። ለምን ስላት "ዛፍ አለበታ፣ ቲቸር!" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አለበት። ግራጫ ካርቶን መሀሉን በስቼ ሰጠኋት። አንድ ዓይኗን ጨፍና በቀዳዳው አየች። ካርቶኑን ወደ ቅርቡ ዛፍ፣ መልሳ ወደ ሩቁ ተራራ አመላለሰችው። "ውይ! ይሄማ ሰማያዊ ነው!" ጓደኞቿ ካርቶኑን ተሻሙባት።

ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱ ቀለለኝ። በእኛና በተራራው መሀል ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን ይበትናል። ሰማያዊው ከቀዩ ይበልጥ ስለሚበተን ሩቅ ያለ ጠቆር ያለ ነገር ሰማያዊ መስሎ ይታየናል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ይህን ከ500 ዓመት በፊት አስተውሎ፣ አምስት እጥፍ የሚርቀውን አምስት እጥፍ ሰማያዊ አድርጉት ብሎ ጽፏል።

ልጅቷ ሰማያዊና ነጭ ቀላቀለች፤ ድምቀቱን ለመስበር ቡናማ ጠብ አደረገችበት። ቅልቅሉን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቀብታ ከተራራው ጋር አስተያየችው። ልክ መጣ! ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት ሠራች፦ ሰማዩን፣ ጠርዙ የደበዘዘውን ሩቅ ተራራ፣ መካከለኛውን፣ በመጨረሻም ቅጠሉ የሚለይ ቁጥቋጦ ከነጥቁር ጥላው።

ችግርም ነበር። ርቀት ነጭ ቀለም ይበላል፤ ሁለተኛው መንፈቅ ሳይጋመስ ነጩ አለቀ። ወደ ውሃ ቀለም ዞርን። እዚያ ሩቁን የሚያቀጥነው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ የግዥ ጥያቄ አይሞላለትም። ለስፖርት ክበብ ኳስ ሲፈነዳ ወዲያው ይተካል። አንመቀኝም፤ ግን እናያለን። ማድረቂያ መደርደሪያ ስለሌለንም ዴስክ ላይ የተዘረጉ ሥዕሎች በጽዳት ቀን ተበላሽተውብናል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ነጭ ቀለም በትልቁ፣ አንድ መደርደሪያና ጠዋት ለመውጣት ፈቃድ ነው። ወላጆችም ወፍራም ካርቶን ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት፤ በልጆቹ ላኩልን።