ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የጌኮው ዝርያ ይታወቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች በልጆቻችን ልመና ተሸንፈን ከተሳቢ እንስሳት ትርዒት ወይም ከሱቅ ጌኮ የተባለውን ትንሽ የእንሽላሊት ዓይነት ገዝተን ስንመለስ፣ ስለ እንስሳው የምናውቀው ብዙውን ጊዜ ሻጩ በመያዣው ላይ የለጠፈውን «የምድር ጌኮ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። የመስታወት ሳጥኑ፣ አሸዋውና አምፖሉ በዚያው ዕለት ይገዛሉ፤ ዝርያው የሚጠየቀው ግን እንስሳው ምግብ እምቢ ብሎ ጅራቱ መክሳት ሲጀምር ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ለመማጸን ነው።

በዚህ ስም የሚሸጡት እንስሳት የመጡት እጅግ ከተራራቁ አገሮች ነው። ኮንድሮዳክቲለስ አንጉሊፈር የተባለው ትልቁ የምድር ጌኮ የናሚብና የካላሃሪ በረሃዎች ነዋሪ ሲሆን፣ ፓሮይዱራ ፒክታ የማዳጋስካር ነው። በየሱቁ የሚገኘው ሊዮፓርድ ጌኮ የአፍጋኒስታንና የፓኪስታን ደረቅና ድንጋያማ ምድር ልጅ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣው ባለ ወፍራም ጅራት ጌኮ ደግሞ መልኩ ቢመሳሰልም ከእርሱ የበለጠ እርጥበት ይሻል። አንዱን ለሌላው በተዘጋጀ ቤት ማኖር የደብረ ብርሃንን ሰው ከነጋቢው ወስዶ አፋር ላይ እንደ ማስፈር ነው።

ለመለየት ከዓይን መጀመር ይሻላል። አብዛኞቹ ጌኮዎች የሚከደን የዓይን ቆብ ስለሌላቸው ዓይናቸውን የሚያጸዱት በምላሳቸው እየላሱ ነው፤ ሊዮፓርድ ጌኮና ባለ ወፍራም ጅራቱ ግን ዓይናቸውን ይከድናሉ። ስለዚህ የገዛችሁት ጌኮ ሲተኛ ዓይኑን የሚጨፍን ከሆነ የማዳጋስካሩም የናሚቡም አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ የእግር ጣቶቹ ይታዩ፤ የማዳጋስካሩ በጣቶቹ ጫፍ ትናንሽ ለጣፊ ንጣፎች ሲኖሩት፣ የናሚቡ ግን የለውም። ዓይንን፣ እግርንና ጅራትን በቅርብና በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት፣ ከሻጩም ሳይንሳዊ ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ በእርባታ ተወልዶ ወይም ከዱር ተይዞ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ጅራትን በመመልከት ብቻ መወሰን ግን ያሳስታል፤ ጌኮ ሲደነግጥ ጅራቱን ጥሎ የሚያበቅለው አዲሱ ጅራት ከቀድሞው የተለየ መልክ ይኖረዋልና።

ከሁሉም በላይ ልናገርለት የምፈልገው ግን ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ ደረቅ ቆላዎች የሚገኘውን ሆሎዳክቲለስ አፍሪካነስ የተባለውን ጌኮ ነው። ይህ እንስሳ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ራሱ ትልቅ፣ ጅራቱ አጭር፣ ዓይኑም ቆብ ያለው የሌሊት ነዋሪ ነው። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1893 ቢሆንም፣ የገዛ አገራችን ፍጥረት መሆኑን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በገበያ ላይ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ በእርባታ የተወለዱ ሳይሆኑ ከዱር የተያዙ ነበሩ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 የዱር እንስሳትን በሕይወት ወደ ውጭ መላክ ስታግድ ከዋና ዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ተቋረጠ፤ ዛሬ በእጃችሁ የገባው አንድ ሆሎዳክቲለስ በቀላሉ የሚተካ ነው ብላችሁ አታስቡ።

ከዱር የተያዘ ጌኮ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ውኃ ተጠምቶና ብዙውን ጊዜ በሆዱ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ ለወራት ብቻውን መቆየትና ኩሱ በእንስሳት ሐኪም መመርመር አለበት። ይህ ጌኮ ቀኑን የሚያሳልፈው ከመሬት በታች፣ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ላዩ በፀሐይ የደረቀ ቢሆንም ጉድጓዱ ውስጥ እርጥበት አለ። በቤትም ይህንኑ ማስመሰል ይገባል፤ አሸዋና አፈር ተቀላቅሎ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ሆኖ ይነጠፍ፣ ከሥሩም በአንድ ጥግ በኩል በቀስታ ውኃ እየፈሰሰ ይረጥብ፣ ላዩ ግን ደረቅ ይሁን። በሱቅ የሚሸጠው ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ሲቆፈር ስለሚናድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁልጊዜ ተደብቆ መዋሉ ጠባዩ ነውና ልጆች ሊያዩት ሲሉ እየቆፈሩ እንዳያወጡት አደራ እላለሁ።

ለሌሎቹም ቢሆን አንድ ወገን ሞቃት፣ ሌላው ወገን ቀዝቃዛ የሆነ ቤት ያስፈልጋል። ለሊዮፓርድ ጌኮ ሞቃቱ ወለል 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው 25 ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ማሞቂያውም ሙቀቱን ከሚቆጣጠር መሣሪያ (ቴርሞስታት) ውጪ ፈጽሞ አይሰካ፤ ሆዱን የተቃጠለ ጌኮ ማየት ያሳዝናል። መደበቂያ በሁለቱም ወገን ይኑር። የሚመገቧቸው ነፍሳት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ባለበት ዱቄት ካልተነሰነሱ የጌኮዎቹ አጥንት ይለሰልሳል። ሁለት ወንዶች በአንድ ቤት አይቀመጡ፤ ይጣላሉ።

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንሽላሊት ሁሉ መርዛማ እንደሆነ ይታመናል፤ ጌኮ ግን መርዝ የለውም። እውነተኛው ጥንቃቄ ሌላ ነው። ተሳቢ እንስሳት ሰውን የሚያሳምም የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከአራት ኢንች ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጌኮውን ባይነኩ ይመረጣል፣ የነካም እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ዕቃውም በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ።

ማሳደጉ የከበደው ቤተሰብ እንስሳውን ሜዳ ላይ እንዳይለቅ፣ ይልቁንም ወደ ተሳቢ እንስሳት መጠለያ ወይም ልምድ ወዳለው አሳዳጊ እንዲወስድ እጠይቃለሁ። ተራ የድመትና የውሻ ሐኪም ጌኮን ለማከም ብዙውን ጊዜ ፈቃደኛ ስለማይሆን፣ ጋዜጣችሁ በየአካባቢው ተሳቢ እንስሳትን የሚያክሙ ሐኪሞችን ዝርዝር አሰባስቦ በማስታወቂያ ገጹ ቢያወጣልን ከዚህ ደብዳቤ የበለጠ ይጠቅመናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ