«ወንድ ከሆንክ ቁረጥ» አትበሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አረቄና ጫት ካቆምኩ 14 ወር ሆነኝ። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘመድ ሁሉ «ወንድ ከሆንክ ቁረጥ!» ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በእልህ ቆረጥኩ። በማግስቱ እጄ ስኒ መያዝ አቃተው፤ እናቴ ቡናዬን እንደ ሕፃን ይዛ አጠጣችኝ። ሌሊቱን አንቀጥቅጦ ጣለኝ።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊሞትም እንደሚችል ያወቅሁት ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ክትትል፣ ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልገዋል። እባካችሁ ይህን ደጋግማችሁ ጻፉልን። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ይወቁት፤ እኔም ጠበሉን የተጠመቅሁት መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ይብሳል። ጫት ተራውን ላለማለፍ በጣና ዳር ዞሬ፣ ታንኳዎቹን እያየሁ ነው ሥራ የምገባው። የከበደኝ ግን ግብዣው ነው። በማኅበሩም በለቅሶውም «ለዛሬ ብቻ፣ አንዲት መለኪያ» ይሉኛል፤ በፍቅር ነው የሚሉኝ። ወገኖቼ፣ «አልጠጣም» ላለ ሰው ውኃ ወይም ብርዝ አቅርቡለት፤ ለምን ብላችሁም አትጠይቁት።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር