የአዳራሹ ቁልፍ በእጃችን ይሁን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጅማ ከተማ፣ ሒርማታ አካባቢ የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በቡና መጋዘን የሒሳብ መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ።

በቅርቡ አንድ የእርዳታ ድርጅት አዳራሽ ልሥራላችሁ አለን። ድንኳናችንና ብረት ድስታችን በየአባላቱ ቤት ተበታትኖ ስለሚቀመጥ ሁላችንም ደስ አለን። ውሉ ሲነበብ ግን ያለ ድርጅቱ ፊርማ ግቢውንም የባንክ ሒሳቡንም ማንቀሳቀስ አንችልም። ተቃወምሁ። ከዚህ በፊት ሌላ ድርጅት የከፈተልን የልጆች ንባብ ክፍል ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መደርደሪያው ሳይቀር ተጭኖ ሄዷል። ልጄ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ አልቅሳለች።

ያች ልጅ ዛሬ የታሪክ መምህርት ናት። የአሜሪካን ጥቁሮች ታሪክ የነገረችኝ እርሷ ናት፤ ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው። በ1865 ከባርነት ለወጡ ሰዎች ተብሎ በምክር ቤት አዋጅ አንድ የቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። አጣቢዋም ገበሬውም ጥሪታቸውን አስገቡ፤ ብድሩን የሚወስኑት ግን ሌሎች ነበሩ። ከባርነት አምልጦ ለጥቁሮች ነጻነት የታገለውን ፍሬድሪክ ዳግላስን የባንኩ ፕሬዚዳንት አድርገው የሾሙት ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። በ1874 ሲዘጋ ከ61,000 በላይ ቆጣቢዎች ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ታገደባቸው።

እዚያው አሜሪካ፣ በሪችመንድ ከተማ ደግሞ የልብስ አጣቢ ልጅ የሆነችው ማጊ ሊና ዎከር ነበረች። በ1899 የተረከበችው የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ሕመምተኛ የሚጠይቅ፣ ሬሳ የሚያስቀብር፣ የኛው ዓይነት እድር ነው። ካዝናው ውስጥ 32 ዶላር እንኳ አልነበረም፤ ዕዳው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አባላቱን በየቤቱ ቀሰቀሰች፣ ጋዜጣ አቋቋመች፤ በ1903 በሳንቲም ቁጠባ የሚሠራ ባንክ ከፈተች። ልጆች ሳይቀሩ ቆጠቡ። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ብዙ ባንኮችን ሲያንኮታኩት ይህ ባንክ ከሌሎች የጥቁሮች ባንኮች ጋር ተዋህዶ ተረፈ። ይህን ስሰማ ያሰብሁት የኛን የወር መዋጮ ነው። እኛስ ምን ጎደለን?

በጠቅላላ ጉባኤው ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው። በወር መዋጮው ላይ እያንዳንዱ አባወራ 30 ብር ይጨምር፤ ጭማሪው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። አስቀድመን የዕቃ ማስቀመጫ አንድ ክፍል እንሥራ፤ አዳራሹ ይቆየን። ሊረዳን የሚሻ ሁሉ በደረሰኝ ይርዳን፤ ፊርማው ግን የእድሩ ይሁን። የእኔ ብቻም መሆን የለበትም። መዝገብ አያያዙን ለሁለት ወጣቶች እያስተማርሁ ነው፤ አንደኛዋ ባለፈው ወር የእኔን ስሕተት አገኘች፤ እጅግ ደስ አለኝ።

የቀረን የቦታው ጉዳይ ነው። ግቢውን ለዓመታት ብንገለገልበትም በእድሩ ስም ካርታ የለንም። በጅማም ሆነ በሌላ ከተማ በእድራቸው ስም ካርታ ያወጡ ካሉ፣ ምን ማስረጃ እንዳቀረቡና ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደባቸው በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን ውለታቸው ትልቅ ነው። ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ ይቀጥላል፤ ከዚያ በፊት ቢደርሰን ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ።

የእድር ገንዘብ ያዥ፣ ከጅማ