1ለ40 ማለት ለ40 ኦም ካርትሪጅ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ስለ ሸክላ ማጫወቻ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት፣ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ስለ ሸክላ የሚጻፈው ሁሌ ናፍቆትና ትዝታ ነው፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ካርትሪጅና ስለ ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ሲጽፍ ብዙም አላየሁም። ግን መሀል ላይ አንድ ቦታ ስደርስ ጋዜጣውን አስቀምጬ እስክሪብቶ ፈለግኩ። ጸሐፊው የትራንስፎርመሩ ሬሾ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ይጎላል፣ ስለዚህ አቅሙ ያለው ሰው ትልቁን ሬሾ ይግዛ ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ምክር እኔን አንዴ አቃጥሎኛል፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

ለማያውቀው ሰው ቶሎ ልበለው። ካርትሪጅ መርፌውን ይዞ እንቅስቃሴውን ወደ ኮረንቲ የሚቀይረው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ነው። ሙቪንግ ማግኔት የሚባለው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ ፎኖ አምፕሊፋየር (የሸክላን ደካማ ምልክት የሚያጎላው) ላይ ያለው የተለመደው መግቢያም ለሱ የተሠራ ነው። ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ደሞ የሚንቀሳቀሰው ሽቦው ራሱ ስለሆነ፣ ሽቦው ቀላል እንዲሆን ጥቂት ዙር ብቻ ነው የሚጠመጠመው፣ ስለዚህ የሚወጣው ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ቢሆን ነው፣ ማለትም አንድ አስረኛ ምናምን። ይህቺን ጭላጭ ወደ ሚሊቮልት ደረጃ ከፍ የሚያደርገው ነው ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር የሚባለው፣ ሬሾው ደሞ ቮልቴጁን ስንት እጥፍ እንደሚያደርግ ነው፣ 1ለ10 ማለት አስር እጥፍ። (ከግድግዳ ኮረንቲ ጋር ምንም አያገናኘውም በነገራችን ላይ! አንድ ጓደኛዬ ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል ስለው 110ን ወደ 220 የሚቀይረውን፣ በሁለት እጅ የሚነሳውን ብረት ተሸክሞ መጣ፣ እስካሁን እናስቀዋለን።)

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። ካርትሪጄ ዴኖን ዲኤል 103 ነው፣ ከጃፓኑ ብሮድካስተር ኤንኤችኬ ጋር በ1962 የተሠራ፣ እስካሁንም የሚመረት አዛውንት ካርትሪጅ። የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ነው፣ የውስጥ ኢምፒዳንሱ (ለኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ) 40 ኦም። እና ትራንስፎርመር ልገዛ ስሄድ ሻጩ ካርትሪጅህ ስንት ኦም ነው አለኝ፣ 40 አልኩት፣ በቃ 1ለ40 ነው ያንተ ብሎ አወጣልኝ። ቁጥሩ ቁጭ ብሎ ሲገጥም ማን ይጠራጠራል? እኔም አልተጠራጠርኩም፣ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ሄጄ ሳጫውተው ግን ሲምባሉ ብርድ ልብስ ተደርቦበት የሚመታ ይመስላል፣ የዘፋኙ ስስ ትንፋሽ የለም፣ ሁሉ ነገር መሀል ላይ ተጨናንቋል። መርፌው ይሆናል አልኩ፣ ኬብሉ ይሆናል አልኩ፣ የማጫወቻውን እጅ ቁመት ከፍ ዝቅ አደረግኩ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያልነካሁት ነገር የለም፣ ትራንስፎርመሩን ግን አዲስ ስለሆነ አልጠረጠርኩትም።

ነገሩ ሲገባኝ ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ብቻ አይደለም የሚቀይረው፣ ካርትሪጁ የሚያየውን ሎድም፣ ማለትም ከፊቱ የሚጫንበትን ኦም፣ ይቀይራል። ፎኖው መግቢያ ላይ በልማድ 47 ኪሎ ኦም አለ፣ ካርትሪጁ ግን እሱን በቀጥታ አያየውም፣ በሬሾው፣ ያውም ሬሾው በራሱ ተባዝቶ፣ ተካፍሎ ነው የሚያየው። ሬሾው 1ለ10 ከሆነ 47,000ን ለ100 ታካፍላላችሁ፣ 470 ኦም። 1ለ20 ከሆነ ለ400፣ 117 አካባቢ። 1ለ40 ከሆነ ለ1,600፣ 29 ኦም! ስለዚህ የኔ ባለ 40 ኦም ካርትሪጅ 29 ኦም ተጭኖበታል፣ ከ0.3 ሚሊቮልቱ ከግማሽ በላይ እዛው ካርትሪጁ ውስጥ እየቀረ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ጋ የምትደርሰው 0.127 ገደማ ናት። እሷን በ40 ስታባዟት ወደ 5.1 ሚሊቮልት ነው። አሁን እዩልኝ፣ በ1ለ20 ቢሆን የሚደርሰው 0.224 ነው፣ በ20 ሲባዛ 4.5 ሚሊቮልት ገደማ። ሬሾውን እጥፍ አድርጌ ያገኘሁት ከ1 ዴሲቤል ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነገር ነው፣ ቮሉሙን በጣት ነካ የማድረግ ያህል። ለዚህ ካርትሪጅ በ47 ኪሎ ኦም ፎኖ ላይ ጫፉ 1ለ34 አካባቢ ነው፣ ከዛ ካለፋችሁ ድምፁ ጭራሽ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ሬሾው በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይጎላል የሚለው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ ነው ልክ።

የታፈነው ድምፅስ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል፣ እኔን ብዙ ያደከመኝም እሱ ነው። ሬሾው ወደ ኋላ እንደሚያካፍለው ሁሉ ወደ ፊት ደሞ ያባዛል። የካርትሪጁ 40 ኦም በትራንስፎርመሩ ማዶ ሲታይ በ1ለ10 ሲሆን 4 ኪሎ ኦም ነው፣ በ1ለ40 ሲሆን ግን 64 ኪሎ ኦም! ከትራንስፎርመሩ ወደ ፎኖ የሚሄደው ኬብል ደሞ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ ጠባይ፣ አለው፣ ኬብሉና የፎኖው መግቢያ አንድ ላይ 300 ፒኮ ፋራድ ናቸው ብንል፣ ከዚህ ሁሉ ኦም ጋር ተደምረው ማጣሪያ ይሆናሉ፣ 20 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል ወርዶ ቁጭ ይላል፣ የትራንስፎርመሩ የራሱ ጥቅል ካፓሲታንስ ሲጨመርበት ደሞ ወደ ታች ይወርዳል። በ1ለ10 ቢሆን ያው ኬብል ከ140 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው የሚያጣራው፣ ጆሮ የማይደርስበት ቦታ። እና ሲምባሌን የበላው ይሄ ነው፣ እኔ ደሞ ሁለት ወር መርፌ ስወቅስ። አጭር ኬብል ግዙ የሚባለውም ለዚሁ ነው፣ በተለይ ከትራንስፎርመሩ በኋላ ያለውን፣ ከማጫወቻው እስከ ትራንስፎርመሩ ያለው ካፓሲታንስ እንኳን ብዙም አያስጨንቅም።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የምለው፣ መጀመሪያ የካርትሪጃችሁን ወረቀት አውጡና ሁለት ቁጥር ፈልጉ፣ ስንት ሚሊቮልት እንደሚሰጥና የውስጥ ኦሙን፣ ከዛ ሬሾ እየሞከራችሁ ከላይ እንዳደረግኩት ወረቀት ላይ አስሉት። ሎዱ ከካርትሪጁ ኦም አስር እጥፍ ይሁን የሚሉ አሉ፣ ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ሕግ አይደለም፣ ለ103 ባለ 1ለ20 የሚጠቀም ሰው ሦስት እጥፍ ብቻ ነው ያለው፣ ወዶትም ይኖራል። እኔ አሁን 1ለ10 ነው ያለኝ፣ ፎኖዬ ላይ 2.8 ሚሊቮልት ገደማ ይገባል፣ ቮሉሙን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ አለቀ። ዝቅተኛ ኦም ያላቸው ካርትሪጆች፣ ለምሳሌ ከ1959 ጀምሮ ያለው የኦርቶፎን ኤስፒዩ ቤተሰብ፣ እነሱ ሌላ ናቸው፣ ኦማቸው ጥቂት ስለሆነ ትልቅ ሬሾ ይችላሉ። 3 ኦምና 0.2 ሚሊቮልት ያለው ካርትሪጅ በ1ለ20 ወደ 3.9 ሚሊቮልት ይሰጣል፣ ከመንገድ የሚቀረው ምንም ማለት ይቻላል።

አንዳንድ ትራንስፎርመር ላይ ደሞ 3 ኦም እና 40 ኦም የሚል ማብሪያ አለ፣ እዛ ላይ የተጻፈው የካርትሪጁ ኦም ነው እንጂ ሬሾው አይደለም፣ እንደውም 40 የሚለው ላይ ሬሾው ትንሹ ነው፣ 3 የሚለው ላይ ትልቁ። ሻጩም እኔም የተምታታብን እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም።

ሌላ ጽሑፉ የዘለለው ነገር፣ ትራንስፎርመሩ የሚገባው ፎኖው ላይ ሙቪንግ ማግኔት የሚለው ጋ ነው። ሙቪንግ ኮይል የሚለው ጋ ብትሰኩት ሁለቴ ከፍ ተደርጎ ይንጫጫል፣ ሎዱም ይበላሻል። ሃይ አውትፑት የሚባሉት፣ 2 ሚሊቮልትና ከዛ በላይ የሚሰጡ ሙቪንግ ኮይሎች ደሞ ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም፣ ብራችሁን አስቀምጡ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሚሊቮልት መካከለኛ ምልክት ላይ የተለካ ነው፣ ሸክላው ላይ ጠንካራ ቦታ ሲመጣ ብዙ እጥፍ ይዘላል፣ ስለዚህ ፎኖውን 8 እና 10 ሚሊቮልት ማጉረስ ብልህነት አይመስለኝም።

ሃም የሚሉት ያ የኮረንቲ ማጉረምረምስ? ትራንስፎርመሩ ትንሽ ነገር እንዲያጎላ ስለተሠራ በአቅራቢያው ያለውን የኮረንቲ መስክም ያጎላዋል። ከአምፕሊፋየሩና ከማጫወቻው ሞተር ፓወር ሰፕላይ አርቁት፣ ከዛ ድምፁ ከፍ ብሎ ሳለ ሸክላ ሳይዞር ትራንስፎርመሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ በአንድ በኩል ሃሙ ሲጠፋ ትሰማላችሁ፣ እዛው ተዉት። የግራውንድ ሽቦውን ደሞ አንዴ ከፎኖው ጋር አገናኝታችሁ አንዴ ነቅላችሁ ሞክሩት፣ የትኛው ዝም እንደሚል ከመስማት ውጪ መላ የለውም።

አደራ የምለው አንድ ነገር፣ በመልቲሜትር ኦም አትለኩ፣ ትራንስፎርመሩንም ካርትሪጁንም። መልቲሜትር ኦም ሲለካ የሚልከው እስከ 1 ሚሊ አምፔር ሊደርስ ይችላል፣ ካርትሪጁ ሲጫወት በሽቦው የሚያልፈው ደሞ በተለምዶ ጥቂት ማይክሮ አምፔር ቢሆን ነው፣ የመቶ እጥፍና ከዛ በላይ ልዩነት ማለት ነው፣ የትራንስፎርመሩ ኮር ማግኔት ሊይዝ ይችላል፣ ያቺ ቀጭን ሽቦም ዋስትና የላትም። ምልክት የሌለው አሮጌ ትራንስፎርመር ካገኛችሁ 1 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ትንሽ ኤሲ ሲግናል አስገቡና በሁለቱም በኩል ቮልቱን ለክታችሁ አካፍሉት፣ ሬሾው እሱ ነው።

ጸሐፊው ከኤሌክትሮኒክስ ሄድ አምፕ (ያንኑ ሥራ በትራንዚስተር ከሚሠራው) ትራንስፎርመር ይሻላል ማለታቸው ላይ አልከራከርም፣ ባትሪ የለው፣ ትራንዚስተር የለው፣ የሚጨምረው ጫጫታ የሽቦው የራሱ ሬዚስታንስ ብቻ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ጥሩ ሄድ አምፕ ካልተገጣጠመ ትራንስፎርመር መቶ ጊዜ ይሻላል፣ ይሄን ሁለት ወር ሰምቼዋለሁ።

በሚቀጥለው እትማችሁ ያቺ የሬሾ ነገር ብትታረም ደስ ይለኛል። የኔ 1ለ40 ትራንስፎርመር እንደሆነ አልተጣለም፣ ባለ 3 ኦም ካርትሪጅ ያለው ጓደኛዬ ለሳምንት ልሞክረው ብሎ ወስዶታል፣ በሱ ካርትሪጅ 7 ሚሊቮልት ስለሚያልፍ ለፎኖህ ይበዛል ብዬው ነበር፣ ፎኖዬ ይችላል አለ፣ ይሄው አምስት ወሩ።

የዘወትር አንባቢያችሁ