ከቆርቆሮው ሥር

ውድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቀትር ላይ የቆርቆሮው ሙቀት ኮርኒሱን አልፎ አናት ላይ ይወርዳል። ጎረቤቴ መላ ብሎ ፎም ገዛ። ፎም ሙቀት ይከላከላል፤ እሳት ሲነካው ግን ይቀልጣል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

በእኛ አካባቢ በፎም ፈንታ ሊሆን የሚችል የማሽላ አገዳ ሞልቷል (ከከብቶቹ የተረፈውን ማለቴ ነው)። ውስጡ ስፖንጅ መሳይ ስለሆነ የታፈነው አየር ሙቀት ያግዳል። ብቻውን እንደ ችቦ ይነዳል፣ አልክድም። ተከትፎ በጭቃ ወይም በኖራ ሲለወስ ግን እሳት በቀላሉ አይይዘውም። ጭቃው ሲበዛ ይጠነክራል፤ ሙቀት መከላከሉ ደግሞ ይቀንሳል፣ ክብደቱም ጣሪያውን ይጫነዋል። ፈተናው ልኩን ማግኘት ነው። ምስጥም አለ፣ እሱን አልረሳሁም!

የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ቢይዙትስ? መሞከሪያ ካጡ የእኔ ጣሪያ አለ።

የሳቢያን ነዋሪ