ለልጄ፦ ስለ ቀያዮቹ ጣቢያዎች

ይድረስ ለውድ ልጄ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ለንደን ውስጥ ራስል ስኩዌር ስትመላለሺ የምታዪውን፣ ደም የመሰለ ሸክላ የለበሰ ጣቢያ ማን ነደፈው ብለሽኛል። ሌስሊ ግሪን ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1875 ለንደን ተወለደ። ሦስት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮችን ያሠራ የነበረው ኩባንያ በ1903 ሲቀጥረው ገና 28 ዓመቱ ነበር። የሚጠበቅበት ወደ 50 ጣቢያ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች በ1906፣ ሦስተኛው በ1907 ተከፍተዋል። በዚህ ጥድፊያ እያንዳንዱን ከባዶ መንደፍ አይታሰብም።

እስቲ ከመንገዱ ማዶ ቁሚና የላይኛውን ፎቅ እዪ። ግማሽ ክብ ቅስቶች ተደርድረዋል። ቦታው ሲሰፋ ቅስት ይጨምራል፣ ሲጠብ ይቀንሳል፤ ንድፉ ያው ነው። ቾክ ፋርም ሰፊ የማዕዘን ቦታ ስለነበረው ከሁሉም ረጅሙን ፊት አገኘ። ከሸክላው ጀርባ የብረት ኮለንና አግዳሚ አለ። ግድግዳው ጭነት ስለማይሸከም ምድር ቤቱ ለመግቢያ፣ ለመውጫና ለሱቅ በሰፊው ይከፈታል። ላይኛው ፎቅ የተሠራው የአሳንሰሮቹን ሞተር እንዲይዝ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነው ባለሀብት መጥቶ ቢሮ እንዲሠራበት ነው፤ ኦክስፎርድ ሰርከስ ላይ ተሠርቶበታል። ለእኔ ትልቁ ብልሃቱ ይሄ ነው፤ ሌላ ሰው የሚቀጥለውን ሕንፃ አሳምሮ መጀመር ቀላል እንዳይመስልሽ።

ሸክላው የተሠራው ሊድስ ከተማ፣ በርማንቶፍትስ የሚባል ሰፈር ነው። ጭቃው በጄሶ ሻጋታ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚኮማተር ሻጋታው ከሚፈለገው መጠን በአሥራ ሁለት አንድ ያህል ይተልቃል። የሸክላው ጀርባ ክፍት የሚሆነው ድፍን ከሆነ እሳት ውስጥ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ነው። ላዩ እንደ መስታወት ስለሆነ የከሰል ጥላሸት አይዘልቀውም፤ ይታጠባል። ክፋቱ መገጣጠሚያው ሲላላ ነው። ውሃ ይሰርግና ጀርባ ያለው ብረት ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጥና ሸክላውን ይፈነቅለዋል። ስንጥቁን ብቻ የሚለስን ሠራተኛ ከንቱ ደከመ፤ መጀመሪያ የውሃው መግቢያ ይፈለጋል። ምትኩን ማሠራትም ፈተና ነው፦ መጠኑ ቢገጥም እንኳ ቀለሙ በቀላሉ አይገጥምም።

ታች ወርደሽ ደግሞ የመሳፈሪያውን ሰቆች እዪ። እዚህ መደጋገሙን ትቶታል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ቀለምና ጥለት አለው፣ ስሙም ሰቁ ላይ አብሮ ተተኩሷል፤ ተሳፋሪው ከመስኮት አይቶ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ።

የግሪን ውል በ1907 ማብቂያ ተቋጨ። በነሐሴ 1908 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ 33 ዓመቱ ነበር።

ዳውን ስትሪት የሚባለው ጣቢያ በ1932 ቢዘጋም ፊቱ አሁንም ቆሟል፣ ከሃይድ ፓርክ ኮርነር ሩቅ አይደለም። ስትሄጂ መገጣጠሚያዎቹን በቅርብ ፎቶ አንሺልኝ፣ በተለይ ከቅስቶቹ ሥር ያሉትን።

አባትሽ